ገበያ ሳትደርስ አትሽጥ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሽያጭ ነው። የበግና የጤፍ ሽያጭ ግን አይደለም። ወጣቶች በላፕቶፕና በስልክ የገነቡትን ሥራ፣ እናንተ ስታርታፕ የምትሉትን፣ አንድ ትልቅ ድርጅት መጥቶ «እንግዛችሁ» ሲላቸው ስለሚደረገው ድርድር ነው። «የኢማም ረዳት በዚህ ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ኮድ የሚባለውን ነገር አይቼ አልረዳም። ነገር ግን በመድረሳ ቁጭ ብለን ከቀራናቸው የፊቅህ ኪታቦች ውስጥ አንዱ ሰፊ ምዕራፍ የሽያጭ ምዕራፍ ነው። ልጅ ሆነን ባሕር ውስጥ ያለ ዓሣና ሰማይ ላይ ያለ ወፍ መሸጥ እንደማይቻል ስንማር፣ «ማን ነው ያልያዘውን ወፍ የሚሸጠው?» እያልን እንስቅ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ያንን ምዕራፍ ይዤ፣ ሦስት ወጣቶች ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ጋር ባደረጉት ድርድር ላይ ተቀመጥኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ነገ ስልኩ የሚደወለው ለእናንተ ሊሆን ይችላልና።

ከሦስቱ አንዱ የእብናት ልጅ ነው፤ ቁርኣን እኔ ዘንድ ነው የቀራው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ተማረና ከአንድ የክፍል ጓደኛው ጋር አፕ ሠሩ። ጓደኛው ክርስቲያን ነው፣ የደብረ ታቦር ልጅ። ሥራው ቀላል ነው፦ ባለ ሱቅ የዱቤ ደብተሩን በስልኩ ይይዛል፤ ለተበዳሪው ማስታወሻ ይላክለታል፤ ሸቀጥ ሲያልቅበት ደግሞ እዚያው ላይ ከጅምላ አከፋፋይ ያዛል። ሦስተኛዋ አካውንቲንግ የተማረች እህታችን ናት። እሷ ኮድ አልጻፈችም። ግን በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በባሕር ዳር ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ባለ ሱቆቹን ያሳመነችው እሷ ናት።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ሥራቸውም አብሮ ቆመ። ያጠራቀሟትን ጥሪት በሉ። ኢንተርኔቱ ተመልሶ ባለ ሱቆቹ አንድ ሁለት እያሉ መግባት ሲጀምሩ ነው ከአዲስ አበባ የተደወለው። ደዋዩ ሸቀጥ የሚያከፋፍል ትልቅ ድርጅት ነው። ስሙንም የብሩንም መጠን አልናገርም፤ አማና ነው። «ሥራችሁን እንገዛለን፤ የምንከፍለው ይህን ያህል ነው፤ እስከ ሐሙስ መልስ ስጡን» አሏቸው። ቀኑ ሰኞ ነበር።

የልጁ አባት መስጂድ ድረስ መጥተው «ኡስታዝ፣ ይህ ልጅ ሊፈርም ነው የሚለኝ፤ እባክህ አብረኸው ተቀመጥልኝ» አሉኝ። ልጁን አስጠርቼ ሳገኘው ፊቱ በርቷል። በቤተሰቡ ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ገንዘብ ነው።

«ዋጋው ተገቢ ነው ወይስ ያንሳል?» አልኩት።

«እሱን አላውቅም ኡስታዝ። ግን ብዙ ብር ነው።»

«ለአንተ ብዙ መሆኑን ነው የምትነግረኝ። ለሥራውስ?»

ዝም አለ።

እብናት ያደገ ሰው የገበያ ቀን ጠዋት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ገበሬው ሌሊት ተነስቶ፣ አህያውን ጭኖ፣ በግና ፍየሉን እየነዳ ወደ ከተማ ይመጣል። ከተማው መግቢያ ላይ ቀደም ብሎ የወጣ ነጋዴ ቆሞ ይጠብቀዋል። «ዛሬ ገበያው ወድቋል፤ ከምትደክም እዚሁ ልውሰድልህ» ይለዋል። ገበሬው ደክሞታል፣ ውሃ ጠምቶታል፣ የዕለቱን ዋጋም ገና አልሰማም። ይሸጣል። ባዶ እጁን ገበያ ሲደርስ የጎረቤቱ በግ ስንት እንዳወጣ ይሰማል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ከልክለዋል። ዑለማዎች «ተለቂ አር-ሩክባን» ይሉታል፤ ወደ ገበያ የሚመጣን ባለ ጭነት ዋጋውን ሳያውቅ መንገድ ላይ ወጥቶ መግዛት ማለት ነው። ሻጩ ገበያ ደርሶ መጎዳቱን ካወቀ ውሉን የማፍረስ ምርጫ እንዳለውም በፊቅህ ተጽፏል። ልብ በሉ፣ ነጋዴው አልሰረቀም፣ አላስገደደም፤ ሁለቱም ተስማምተዋል። ችግሩ አንዱ ዋጋውን ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። የእኛ አካባቢ ሙስሊሞች ይህን ትምህርት በኪታብ ብቻ አይደለም የሚያውቁት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የይፋግ ገበያና አጠገቡ ያለችው ደሪጣ የነጋዴ አገር ነበሩ፤ አያቶቻችን ከጭነት ጋር የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ለልጁ የነገርኩት ይህንኑ ነው። «አንተ አሁን አህያህን ጭነህ ከተማው መግቢያ ላይ ነህ። ሰውየው መጥፎ ሰው ነው አልልህም። ግን መጀመሪያ ገበያ ድረስ፤ ከዚያ መሸጥም አለመሸጥም ትችላለህ።»

ገበያ መድረስ ማለት ምን ማለት ነው? በግ ቢሆን ተራ ላይ ቆሞ ማየት ነው። የስታርታፕ ተራ ግን የትም የለም። ስለዚህ ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጠን ሦስት ጥያቄ ጻፍን። የምንሸጠው በትክክል ምንድን ነው? ከዚህ ገዢ ሌላ ማን ይፈልገዋል? ባንሸጥስ ስንት ወር መቆየት እንችላለን?

ከባዱ የመጨረሻው ነበር። ሲያሰሉት የቀራቸው የአራት ወር ወጪ ብቻ ነው። አራት ወር ያለው ሰው ሲደራደር ድምፁ ላይ ያስታውቅበታል። የተቸገረ ሰው ሽያጭ የሚለውን ዑለማዎች ለብቻው ያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቹ ያደረጉት ብልህነት ይህ ነው፦ ሁለቱ ኮድ ጸሐፊዎች ለሁለት ድርጅቶች ድረ ገጽ የመሥራት ሥራ ተቀበሉ፤ እህታችን ደግሞ የአንድ ነጋዴ ሒሳብ መያዝ ጀመረች። አራቱ ወር አሥር ወር ሆነ። ገዢው ላይ ምንም አልጨመሩም፤ ራሳቸው ላይ ግን ጊዜ ጨመሩ። በድርድር ውስጥ ትልቁ አቅም «አይ፣ ይቅርብን» ማለት መቻል ነው። ያንን ደግሞ የሚሰጥህ ምላስ ሳይሆን ቤት ውስጥ ያለ ስንቅ ነው።

ሐሙስ ሲደርስ ደውለው «አንቸኩልም፤ ሦስት ሳምንት ስጡን» አሉ። ልባቸው ይመታ ነበር። ገዢው ሁለት ሳምንት ሰጠ። ከዚያም ሌላ ሁለት ሳምንት ተጨመረ። ያ ሐሙስ የገዢው ሐሙስ እንጂ የሥራው ሐሙስ አልነበረም። ቀነ ገደብ ሲሰጣችሁ «ይህ ቀን ካለፈ በእውነት ምን ይቀየራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው።

እዚህ ላይ የእኛኑ አገር አንድ ምሳሌ ላንሳ። አፖዚት የሚባል የሶፍትዌር ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። ፓጋ ለተባለው የናይጄሪያ የገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅት ሲስተሙን የሠሩለት የአፖዚት መሐንዲሶች ናቸው። በጥር 2012 ዓ.ም. ፓጋ አፖዚትን ጠቅልሎ እንደገዛና ወደ ሜክሲኮና ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት እንዳሰበ አስታወቀ። የሽያጩ ዋጋ ለሕዝብ አልተገለጸም። ለእኔ ትምህርቱ ዋጋው ላይ አይደለም። ገዢና ሻጭ የተገናኙት በአንድ የስልክ ጥሪ አልነበረም፤ አብረው ለዓመታት ሠርተዋል። ገዢው የሻጩን እጅ ያውቃል፤ ሻጩም እሱ ባይኖር የገዢው ሥራ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ይህ መንገድ ላይ የተደረገ ሽያጭ አይደለም፤ ሁለቱም ገበያውን አውቀው የተገበያዩበት ነው። እናንተም ገዢ ከመምጣቱ በፊት ከማን ጋር እየሠራችሁ እንደሆነ አስተውሉ። የነገው ገዢ ብዙ ጊዜ የዛሬው ደንበኛ ወይም የዛሬው አጋር ነው።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሌላ ማን ይፈልገዋል የሚለው፣ ፈተና ይዞ መጣ። ለአንድ ባንክና ለሌላ አከፋፋይ ደብዳቤ ላኩ፤ መልስ ግን ዘገየ። በዚህ መሃል ጓደኛው «ሌላ ገዢ አለን፣ ከእናንተ የተሻለ ከፍሏል እንበላቸው። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው» አለ። እውነቱን ነው፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። በእኛ ፊቅህ ግን ይህ ስም አለው። መግዛት የማይፈልግ ሰው አቁሞ ዋጋ ማስወደድ «ነጅሽ» ይባላል፤ ክልክል ነው። የሌለ ገዢን በቃል ማቆም ደግሞ ከዚህ በምን ይለያል? በአንጻሩ ከመስማማት በፊት ብዙ ገዢን መጠየቅና ለተሻለው መሸጥ ይፈቀዳል፤ ጨረታ ራሱ የተፈቀደ ነው። የማይፈቀደው ከተስማሙ በኋላ በወንድም ሽያጭ ላይ ሌላ ሽያጭ ማምጣት ነው። ለጓደኛው ይህን ስነግረው «በእኛም ቤት ውሸት ውሸት ነው ኡስታዝ» ብሎ ሳቀ። ገዢው «ሌላ የሚያነጋግራችሁ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የመለሱት እንዲህ ነው፦ «ጠይቀናል፤ እስካሁን የቆረጠ የለም፤ መጠየቃችንን ግን አላቆምንም።» እውነት ነበር፤ ደግሞም በቂ ነበር።

ሌላ ፈተናም ነበር። በአፑ ላይ የተመዘገቡት ሱቆች ቁጥር ሲታይ ደስ ይላል። ነገር ግን ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ግማሽ ያህሉ አልተመለሱም። ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ እንስጥ ወይስ የሚሠሩትን እንለይ? የዕቃን ነውር ደብቆ መሸጥ ለገዢው ውሉን የማፍረስ መብት እንደሚሰጥ በመድረሳ ተምረናል። ዘመናዊው ሥርዓትም ከዚህ አይርቅም፤ ገዢው ከመፈረሙ በፊት ሒሳቡን፣ ውሎቹንና ሲስተሙን የሚያገላብጥ የራሱን ባለሙያ ይልካል። ሁለቱን ቁጥሮች ለይተው ሰጡ። ዋጋው ትንሽ ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን የተናገሩት ሁሉ ይታመን ጀመር። ባለሙያዎቹ መጥተው ሲፈትሹ ያገኙት ቀድሞ የተነገራቸውን ነው።

ከሁሉ የከበደው የመጀመሪያው ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። የምንሸጠው ምንድን ነው? ኮዱ፣ ስሙ፣ የሱቆቹ ዝርዝር፣ የሁለቱ ልጆች ሙያ እያልን ጻፍን። የገዢው ጠበቃ በመሃል አንድ ቀላል ነገር ጠየቀ፦ «በዚህ ድርጅት ላይ ድርሻ አለኝ የሚል ሌላ ሰው አለ?» በንግድ ምዝገባው ላይ ያሉት ሁለቱ ወንዶች ብቻ ናቸው፣ እኩል በእኩል። እህታችን በወረቀት የለችም። ሲጀምሩ «ሦስታችንም እኩል ነን» ተባብለዋል፤ በቃል። ማንም ሊክዳት አስቦ አልነበረም። «በኋላ እናስገባሻለን» እያሉ ሁለት ዓመት አለፈ። ብሩ ሲመጣ ግን ያ ቃል ለሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም አልነበረውም። አንዱ «ለሠራችበት ደመወዝ እናስብላት» አለ። ሌላው ዝም አለ። ዝምታውም መልስ ነበር።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱረቱል በቀራ 282፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ ውል መጻፍና ስለ ምስክር ነው። ጀነትና ጀሀነምን፣ ነቢያትንና ሕዝቦችን የሚያወሳው ኪታብ ረጅሙን አንቀጽ ለወረቀትና ለጸሐፊ መስጠቱ ሁሌም ይገርመኛል። እንዲጻፍ የታዘዘው ሰዎቹ ሌባ ስለሆኑ አይደለም። የሰው ልብ ብር ሳይመጣና ብር ሲመጣ አንድ ስላልሆነ ነው።

እህታችን በዚያ ስብሰባ ላይ ብዙ አልተናገረችም። የተናገረችው ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «እናንተ ኮድ ጻፋችሁ። ባለ ሱቆቹ ግን ኮዱን አያውቁትም፤ እኔን ነው የሚያውቁት። የዱቤ ደብተራቸውን የሰጡኝ 'ለማንም አይተላለፍም' ስላልኳቸው ነው። አሁን እናንተ ስትሸጡ የሚሸጠው የኔ ቃል ነው።»

ከዚያ በኋላ ደመወዝ የሚለው ቃል አልተነሳም። ለሁለት ቀን ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሩቡ ለእሷ፣ የቀረው ለሁለቱ እኩል እንዲሆን ተስማሙ፤ ሽያጩ ከመፈረሙ በፊትም በሕግ ስሟ ገባ። እኩል አልሆነም። ግን የተጻፈ ሆነ። እሷም ተቀበለች። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ወር፣ ብር ሳይኖር ቢጻፍ ኖሮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

ቃሏ ሌላም በር ከፈተ። የሱቆቹ መረጃስ የማን ነው? ማን ለማን ስንት ብር እንዳለበት የያዘ መዝገብ ነው። አከፋፋዩ ደግሞ ሥራውን በዋናነት የፈለገው ለዚህ ይመስላል፤ የትኛው ሱቅ ምን እንደሚሸጥና ማን ዕዳ እንደሚከፍል ያውቃልና። እዚህ ላይ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን የዋትሳፕን ታሪክ አስታወስናቸው። ፌስቡክ ዋትሳፕን ለመግዛት የተስማማው በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. በ19 ቢሊዮን ዶላር ነው። በዚያን ጊዜ ፌስቡክ የሁለቱን ተጠቃሚዎች መረጃ በአስተማማኝ ሁኔታ በራሱ ማገናኘት እንደማይችል ለአውሮፓ ኮሚሽን ተናግሮ ነበር። በ2016 ግን የዋትሳፕን ስልክ ቁጥሮች ከፌስቡክ ጋር ማገናኘት ሊጀምር መሆኑን አስታወቀ። ኮሚሽኑም በግንቦት 2017 አሳሳች መረጃ ሰጥተሃል ብሎ 110 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ከመሥራቾቹ አንዱ ብራያን አክተን በዚያው ዓመት ድርጅቱን ለቀቀ፤ ገና ያልደረሰለትን 850 ሚሊዮን ዶላር ያህል አክሲዮን ትቶ ነው የወጣው። በዓለም ላይ ከተሸጡት ሁሉ በውድ ከተሸጡት አንዱን የሸጠ ሰው፣ ከሽያጩ በኋላ የተጠቃሚዎቹን አማና መጠበቅ አልቻለም። ዋጋ ከተቀበላችሁ በኋላ ቁልፉ በገዢው እጅ ነው። የምትጠብቁት ነገር ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ውስጥ አስገቡት።

ልጆቹም እንዲሁ አደረጉ። እያንዳንዱ ባለ ሱቅ መሸጡ እንዲነገረው፣ መዝገቡ እንዲተላለፍ የማይፈልግም እንዲሰረዝለት ጠየቁ። ገዢው አመነታ። በአገራችን ግን የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ጠበቃቸው ይህን ሲያነሳ ነገሩ የልመና ሳይሆን የሕግ ሆነ። እህታችን ዋና ዋናዎቹን ሱቆች በእግሯ ዞራ ነገረች። ጥቂቶች ተሰረዙ። አብዛኞቹ ቀሩ።

ቀጥሎ የዋጋው ጉዳይ ነው። ወጣቶች ሆይ፣ «ስንት?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «በምን መልክ? መቼ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ከሪምን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ዱባይ ላይ የተጀመረ የታክሲ አፕ ነው፤ ስሙም ለጋስ ማለት ነው። ኡበር በመጋቢት 2019 በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። ግን ጥሬ ገንዘቡ 1.4 ቢሊዮን ብቻ ነበር፤ የቀረው 1.7 ቢሊዮን ወደ አክሲዮን የሚለወጥ የዕዳ ሰነድ ነው። ተፈርሞ እስኪጠናቀቅ ደግሞ ዘጠኝ ወር ገደማ ወሰደ፤ የየአገሩ የውድድር ባለሥልጣናት ፈቃድ ይጠበቅ ነበርና። አንድ የሚያስደስት ነገርም አለው፦ ሠራተኞቹ አስቀድሞ በወረቀት ድርሻ ስለነበራቸው ከሽያጩ ብዙዎቹ ተጠቀሙ። ስሙና አፑም አልጠፉም፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ሙደሲር ሼኻ መምራቱን ቀጠለ። ዜናው ላይ አንድ ቁጥር ታያላችሁ፤ ውሉ ውስጥ ግን ብዙ ቁጥርና ብዙ ቀን አለ።

ለእኛ ልጆችም የመጣው ሐሳብ ሦስት ቁራጭ ነበረው፦ ሲፈረም የሚከፈል ብር፣ የገዢው አክሲዮን፣ ሁለት ዓመት ሠርተው የሱቆቹ ቁጥር ካደገ የሚከፈል ተጨማሪ። አክሲዮኑን በተመለከተ ጥያቄያችን ቀላል ነበር፦ «ነገ ብር ብንፈልግ ለማን እንሸጠዋለን?» የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን ያስጀመረው ገና በጥር 2017 ነው፤ እዚያ ያልተመዘገበ ድርጅት አክሲዮን እንደ ብር አይቆጠርም። አክሲዮኑን ትተው ጥሬውን አስጨመሩ።

ሦስተኛውን ቁራጭ ለሸይኻችን ወስጄ ጠየቅኳቸው። ወደፊት ይሁን አይሁን የማይታወቅ ዋጋ በሽያጭ ውስጥ ሲገባ ያልታወቀ ነገር ሽያጭ፣ ገረር፣ እንዳይሆን ሰጋሁ። ጥቂት አስበው «ሁለት አድርጓቸው» አሉኝ። ሥራው የሚሸጥበት ዋጋ ተቆርጦ ይታወቅ፤ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ለሚሠሩት ሥራ የተመደበ ሽልማት፣ ጁዓላ፣ ሆኖ ለብቻው ይጻፍ፤ ምን ሲሟላ ስንት እንደሚከፈልም በቁጥር ይቀመጥ። ስለ እያንዳንዱ ጉዳይ ፈትዋ የሚሰጡት ዑለማዎች ናቸው፤ እናንተም የራሳችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። እኔን የገረመኝ ግን የገዢው ጠበቃ ይህን ሲሰማ «ይህማ ለእኛም ይሻላል፤ ጠብ ይቀንሳል» ማለቱ ነው።

በረቂቁ ላይ ክፍያ ሲዘገይ በመቶኛ ወለድ እንዲታሰብ የሚል አንቀጽም ነበር። ለሻጮቹ የሚጠቅም ነው፤ ግን ወለድ ነው። በምትኩ አንድ ክፍያ ከተወሰነ ቀን ካለፈ የቀረው ሁሉ ባንዴ እንዲከፈል ተደረገ። ሪባን ሽሽት ኪሳራ ነው የሚመስላቸው ወንድሞች ይህን ይስሙ፦ ሦስተኛው ክፍያ በእርግጥ ዘገየ፤ ያንን አንቀጽ በደብዳቤ ሲያስታውሷቸው በሳምንት ውስጥ ገባ።

እስኪስማሙ ድረስ ሌላም ነገር ተደራድረዋል። ገዢው «ስድስት ወር ከሌላ ጋር አትነጋገሩ» ብሎ ነበር፤ ወደ 30 ቀን ወረደ። «ከዚህ በኋላ ተመሳሳይ ሥራ በፍጹም አትሥሩ» የሚለውም በዘመንና በዘርፍ ተገደበ። ሙያህን ለዘላለም የሚያስር ፊርማ ሽያጭ ሳይሆን እስር ነው። ጠበቃ ቀጥረው ነበር፤ የከፈሉት ገንዘብ መጀመሪያ አሳዝኗቸው ነበር፣ በኋላ ግን ትንሹ ወጪያቸው እሱ ሆነ። የንግድ ሕጋችን ራሱ በዐዋጅ ቁጥር 1243/2013 የታደሰ ነው፤ የአባላት ድርሻና የንግድ መደብር ሽያጭ እንዴት እንደሚከናወን ተጽፎበታል። ያላነበባችሁትን ሕግ የሚያነብላችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል።

ሥራው ተሸጠ። የመጨረሻው ዋጋ በዚያ ሰኞ በስልክ ከተጠራው ይበልጣል። ከዚያ በላይ ግን ሦስቱ ዛሬም አብረው ሻይ ይጠጣሉ። ብዙ ሽያጭ ዋጋ አግኝቶ ወዳጅነት ከስሮ አይቻለሁ፤ በውርስ መሬት ላይ እንኳን ስንት ወንድማማች እንደተለያየ እናንተም ታውቃላችሁ። ሁለቱ ወንዶች አሁን አዲስ አበባ ለገዢው ይሠራሉ። እህታችን ግን አልሄደችም፤ ድርሻዋን ይዛ ደብረ ታቦር ላይ የራሷን ሥራ ጀምራለች። ባለ ሱቆቹ ዛሬም በስሟ ይጠሯታል።

ወንድሜ፣ እህቴ! ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ የተጻፈልህን ማንም አይወስድብህም። ይህ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ፈርም ማለት አይደለም። ግመሉን ማሰር ከተወኩል ጋር እንደማይጣላ ሁሉ ዋጋ መጠየቅም አይጣላም። ዛሬ ከጓደኛ ጋር አፕ የምትሠራ፣ የቴሌግራም ሱቅ የምትመራ፣ ወይም ሁለት ሆናችሁ ልብስ ስፌት የከፈታችሁ ካላችሁ፣ ገዢ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቁጭ በሉና በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የማን ድርሻ ስንት ነው? አንዳችን ብንወጣ ምን ይሆናል? የሰው አማና ምን ምን በእጃችን አለ? ከታች ፈርሙበት፣ ሁለት ምስክር አስፈርሙ፣ ቀጥሎ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አጽድቁት።

አላህ የሥራችሁን ዋጋ የምታውቁ፣ የሰው ሐቅ የማትነኩ፣ የራሳችሁንም የማታስነኩ ያድርጋችሁ። በገንዘባችሁም በወዳጅነታችሁም በረካ ይጨምርላችሁ። አሚን።